ፊቴ እስኪደርቅ

«እዚያ ላይ አትቀመጪ።»

ከመሰላ የመጣችው ለቀስተኛ እንዳጎነበሰች ቀረች። ከበሩ በስተቀኝ፣ ግድግዳውን ተጠግታ፣ አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ አለች። ለብዙ ዓመት ስለተቀመጡባት መሀሏ ጎድጉዷል። ሴትዮዋ በርጩማዋን አየች፣ የከለከለቻትን ረዲያን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ገባችና ከሴቶቹ መሀል ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

«የሷ ናት?» አለች ትንሽ ቆይታ።

«የሷ ናት» አለች ረዲያ።

«እዚያው ላይ ሆና ነው አሉ።»

«እዚያው ላይ ሆና ነው። የአስር ሶላት ሰገደች፣ ፊቷን ተቀባች፣ ወጥታ ተቀመጠች። እኔ ከገበያ ስመለስ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ሁልጊዜም ትጨፍናለች። ጫቱን ለነጋዴው ለሙሜ አድርሼ ስመጣም አየኋት። ውሃ ልቀዳ ስወጣም አየኋት።» ረዲያ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «በዚያ ሰዓት ሙስሊማን የሚያናግር ሰው አለ እንዴ በዚህ ሰፈር? የለም። እኔም አላናገርኳት። የመግሪብ አዛን ብሎ ሳትነሳ ስትቀር ነው…»

አልጨረሰችውም፤ ሴቶቹም አላስጨረሷት። አንዷ «አላህ ይርሐማት» ስትል ሌሎቹ «አሚን» አሉ። የቡና ገለባ በወተት የተፈላበት ሆጃ ከፔርሙስ እየተቀዳ ዞረ።

የሟች ልጅ ሶፊያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ረዲያ ይህን ነገር ለመጣ ሰው ሁሉ ትናገረዋለች፤ ሁልጊዜም እዚያው ቃል ላይ ደርሳ ትቆማለች። ማንም ሳይከሳት ራሷን ለዳኛ የምታቀርብ ትመስላለች።

ሶፊያ ከአዲስ አበባ በሐረር አውቶቡስ ስትደርስ እናቷ ተቀብራ ውላለች። ሴቶቹ ከበሩ ላይ ጩኸት ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ሻንጣዋን ግድግዳ ሥር አቁማ፣ ስብሰባ እንደገባ ሰው እያንዳንዳቸውን በእጅ ጨበጠች። ከዚያ ወዲህ ሹክሹክታው አላቋረጠም፤ የምትሰማ አይመስላቸውም።

«ምነው እንባ የላትም?»

«ኩባ ያደገች ናት እኮ። የዓሥር ዓመት ልጅ ሆና ነው የወሰዷት።»

«እና ኩባ እንባ ያደርቃል?»

«እኔ ምን አውቄ። ዙሪያዋን የጨው ውሃ ነው አሉ፤ እዚያው ጨርሳው መጥታ ይሆናል።»

ሶፊያ ስልኩ ከተደወለላት ወዲህ አልተኛችም፤ ፊቷንም ውሃ አልነካውም። መቀመጥ አልሆነላትም። ተነሳችና ባዶ ሲኒዎቹን ትለቃቅም ጀመር። ረዲያ ክንዷን ያዘቻት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። ልጅ በእናቷ ለቅሶ ላይ ሲኒ አታጥብም።»

«እጄን ምን ላድርገው ታዲያ?»

«ጭንሽ ላይ አስቀምጪው።»

ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። የሦስተኛው ቀን ዱዓ ካበቃ በኋላ በማግስቱ የበድሪ መኪና ጫት ጭኖ ወደ ሚኤሶ ይወርዳል፤ ከዚያ የአዲስ አበባ መኪና አይጠፋም። የሥራ ምደባዋን እየጠበቀች ነው። ለረዲያ ነግራታለች፤ ረዲያም «እንደፈለግሽ» ብላታለች። ሶፊያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያች በርጩማ አጠገብ ዳግመኛ ሳታልፍ መሄድ።

*

ሙስሊማ የበርጩማዋ ሴት ሆና አልተወለደችም። ሶፊያ በልጅነቷ የምታስታውሳት እናት ሌላ ናት።

አባቷ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ ከሚኤሶ ማዶ ቀረ። ሙስሊማ ያን ጊዜ ሰሌኑ ላይ ተኛች። ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ዒዳ አለቀ፤ እሷ ግን አልተነሳችም። ጸጉሯ ተቆላልፎ እንደ በግ ጠጉር ሆነ። ሽማግሌዎች መጥተው መከሯት፤ ዘመዶች መጥተው ተቆጧት። እሷ ለሁሉም «እሺ» ትልና ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ሶፊያ እራቷን ከአጥሩ ማዶ፣ ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው እትዬ ዘውድነሽ ቤት እየበላች ትመጣለች። ስትመለስ እናቷን በተወቻት ጎኗ እንደተኛች ታገኛታለች።

ያስነሳቻት ረዲያ ናት። ሁለቱ ለነጋዴው ለሙሜ አብረው ጫት ያስሩ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረዲያ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ገባች።

«ምክር አላመጣሁም» አለቻት። «ምክር የሚሰጥሽ ሞልቷል። ተነሽና ከበር ውጪ ተቀመጪ።»

በሳህኑ ውስጥ ያለው ቀሲል ነበር፤ ቆላ የሚበቅለው የቁርቁራ ቅጠል በጥላ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በነጠላ ጨርቅ ተነፍቶ የሚገኘው አረንጓዴ ዱቄት። የአገሩ ሴቶች ፊታቸውንም ጸጉራቸውንም በሱ ይታጠባሉ። ረዲያ በውሃ አቅጥና፣ እንደ ሕፃን አገጯን ይዛ፣ ሙስሊማን ፊቷን ሙሉ ቀባቻት።

«እስኪደርቅ አትናገሪ፤ ይሰነጠቃል። አታልቅሺ፤ ይወርዳል። ሌላ ምንም ከአንቺ አልፈልግም።»

ሙስሊማ ተቀመጠች። ከጨርጨር ተራሮች የሚወርደው ነፋስ ነፈሰ። ሶፊያ ከበሩ ሆና የእናቷ ፊት መጀመሪያ ከጠርዙ፣ ቀስ እያለም ወደ መሀል እየነጣ ሲመጣ አየች። ረዲያ በሞቀ ውሃ ስታጥበው ከሥሩ ፊት ወጣ። የተጎዳ ነው፤ ግን የሰው ፊት ነው።

«ነገም አምጪልኝ» አለች ሙስሊማ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ «ነገ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰሙት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለራሷ ተማረች። ቅጠሉን ራሷ ሚኤሶ እየወረደች ታመጣለች፤ ራሷ ትወቅጣለች። ቀኑን ሙሉ ጫት ስታስር ትውልና አስር ሰግዳ ስትጨርስ ሰዓቱ የሷ ይሆናል። እጇን ከጫቱ ጭማቂ አጥርታ ትታጠባለች። ጸጉሯን ፈትታ ትቀባለች። ፊቷን ትለቀልቅና አንድ ሲኒ ሆጃ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ልጅ ቢያለቅስ፣ ዋጋ ቢወድቅ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚለቅሙ ሰዎች መጡ ተብሎ ሰፈሩ ቢተራመስ፣ ሙስሊማ ፊቷ ሳይደርቅ አትነሳም። ሰው መጀመሪያ ሳቀባት፤ ቀጥሎ አማት፤ በመጨረሻ ለመደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በደጇ ያልፍ ጀመር።

*

«ተሻለን ታስታውሺዋለሽ?» አለች እትዬ ዘውድነሽ ለረዲያ። የመጣችው ንፍሮና ዳቦ ይዛ ነው። ጥቁር ሻሿን ፈታ አድርጋ ሰሌኑ ላይ ተደላድላለች።

«የቀበሌውን? እንዴት እረሳዋለሁ።»

እትዬ ዘውድነሽ ከመሰላ ወደመጣችው ሴት ዞረች። «ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ እዚህ ደጅ መጣ። ‹ከስብሰባ ቀርተሻል› አላት። እሷ ፊቷ እንደ እንቁራሪት አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጣለች። ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። በተዘጋ ከንፈር ምን ብትለው ጥሩ ነው? ‹ፊቴ እስኪደርቅ ጠብቀኝ።›»

«ያ ረቢ!» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ፣ በቃ ሙስሊማ ዛሬ አለቀላት አልኩ። እሱ ግን ግራ ገባው። ‹አልመጣም› ብትለው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ‹ጠብቀኝ› ሲሉት ምን ይደረጋል? ቆመ። ጠመንጃ የያዙትም ቆሙ። ደረቀ፣ ታጠበች፣ ሻሿን አሰረች፣ ‹በል እንሂድ› ብላ ከፊታቸው ቀደመች።»

«በኋላስ ሚስቱ መጥታ ዱቄቱን አልለመነችም?» አለች ረዲያ።

«ለመነች እንጂ። እሱም ይቀባ ነበር ይባላል።»

«አቦ ተይ!»

«ተዛውሮ ሲሄድ ፊቱ እንዴት እንደጠራ አላየሽም?»

ሴቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሳቁ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሆነ ያወቀ ይመስል ዝቅ ብሎ ዞረና ጠፋ። ሶፊያም ከንፈሯ ላይ ደርሶባት ነበር፤ ግን መልሳ ዋጠችው።

እናቷ እንደዚያ መቀመጥ ከለመደች በኋላ ነበር ሶፊያ ትታት የሄደችው። በጦርነቱ አባታቸውን ያጡ ልጆች ኩባ ሄደው ይማራሉ ተብሎ ስሟ ሲጠራ፣ ሙስሊማ በመሄጃዋ ቀን ጠዋት እዚያችው በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ጸጉሯን በቀሲል አጥባ፣ ቀብታ፣ ጭንቅላቷ እስኪያማት ጥብቅ አድርጋ ሠራቻት። አውቶቡሱ ሲነሳ ሌሎቹ እናቶች መስኮት ላይ ተንጠለጠሉ፤ መሬት ላይ የተንከባለለችም ነበረች። ሙስሊማ ዓይኗ ደረቅ እንደሆነ ቆማ፣ «ጸጉርሽን አትተይው» ብቻ አለቻት።

ሶፊያ ይህን ቃል ውቅያኖስ አሻግራ ወሰደችው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የሎሚ እርሻ ውስጥ ሥራ ነበር። ማታ ማታ ሴቶቹ ልጆች በመኝታቸው ስለ እናቶቻቸው ሲያወሩ እሷ ትሰማለች፤ የሷ ተራ ሲደርስ የተኛች ትመስላለች። እናቴ ስሸኝ አላለቀሰችም፣ ስለ ጸጉር ነው የነገረችኝ፣ ብላ ማውራት አፈረች። ኋላ ጸጉሯን ከጆሮዋ በላይ ተቆረጠችው። ለመታጠቢያው ወረፋ ይመቻል አለች ለጓደኞቿ።

ስትመለስ ሙስሊማ አቅፋ ሳመቻት፣ ከዚያ እጇ ወደ ማጅራቷ ሄዶ ቆመ።

«የት ሄደ?»

«ቆረጥኩት።»

«ይበቅላል» አለች እናቷ። «ቀሲል እወቅጥልሻለሁ።»

እዚህ በቆየችባቸው ሳምንታት ሙስሊማ አስር ላይ ሁልጊዜ ከበርጩማዋ አጠገብ ትንሽ ሰሌን ታነጥፍና «ነይ ተቀመጪ» ትላታለች። ሶፊያ አልተቀመጠችም። አንድ ቀን ብቻ ቆማ፣ «ዓይንሽን ጨፍነሽ ምን ታስቢያለሽ?» አለቻት።

«ምንም።»

«ሰው ምንም ሳያስብ መቀመጥ አይችልም።»

«ትማሪያለሽ ተብለሽ ነው የሄድሽው፤ ይህንንም ተማሪዋ።»

ሶፊያ ተናደደች። አገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ጎረቤት ሁሉ ልጁ ከየትኛው ግንባር መቼ ይመጣል እያለ፣ ቅጠል ተለቅልቆ መቀመጥ ምን ማለት ነው? ምደባዬን አዲስ አበባ ሆኜ እጠብቃለሁ ብላ ሄደች። በድሪ ለመኪናው ዕቃ ሊገዛ መርካቶ በመጣ ጊዜ ያረፈችበት ቤት ጎራ ብሎ የእናቷን መልእክት ነገራት።

«ቀሲሉ ተወቅጧል፣ ትምጣና ጸጉሯን ልጠባት ብላለች።»

«በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ይኼው ነው መልእክቱ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ በላት» አለች ሶፊያ። ሳምንቱ አለፈ። ሌላም አለፈ። ለጸጉር ብሎ ከአዲስ አበባ አሰበ ተፈሪ የሚሄድ ማን ነው?

*

የሦስተኛው ቀን ዱዓ ተደረገ። ወንዶቹ የጫት ገረባቸውን ጠርገው ድንኳኑን አፈረሱ። ግቢው በድንገት ሰፊና ባዶ ሆነ። ረዲያ የሞቀ ውሃ በባልዲ፣ ሳሙናም ይዛ ገባች።

«በይ ተነሽ። ለባል ካልሆነ በቀር ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን የለም። ዛሬ ገላሽን ትታጠቢያለሽ፤ ጸጉርሽን እቀባሻለሁ።»

«አልታጠብም» አለች ሶፊያ።

«ለምን?»

«ሦስት ቀን ብሎ የለካው ማን ነው? እኔ ገና አልጀመርኩም።»

ረዲያ ባልዲውን አስቀመጠች። «ነብያችን ናቸው ያሉት። የሚያዝነውን ሰው ከራሱ ሊያድኑት ነው እንጂ ሐዘኑ አለቀ ብለው አይደለም።»

«እኛ ዘንድ ብትሆኚ ዓመት ሙሉ ጥቁር ትለብሺያለሽ» አለች እትዬ ዘውድነሽ። «ከኛ ይልቅ ረዲያን ብትሰሚ ይሻልሻል።»

«እናንተማ ወዳችሁት ነው የማታወልቁት» አለች ረዲያ።

«እድፍ አያሳይማ።»

ሶፊያ አልሳቀችም። ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። «በዚህ ሳሙና ነው እንድታጠብ የምትፈልጉት? እሷ ወቀጥኩልሽ ያለችኝ የት አለ?»

እናቷ ቀሲል የምታስቀምጥበትን የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘች። ስታነሳው ቀለላት። ክዳኑን ከፈተች፤ ከሥሩ ዙሪያ የተጣበቀ ትንሽ አረንጓዴ ትቢያ ብቻ ነው ያለው። የታጨደ ሣር ሽታ ወጣ።

«አዴ ረዲያ፣ ይኼ የኔ ነው የተባለው ነው?»

ረዲያ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፤ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር።

«ያንቺ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ሁለት ጊዜ ነፍታ ያስቀመጠችው ነው። የራሷን ያን ቀን ጨርሳዋለች። ሟች የሚታጠበው በዚሁ ቅጠል ነው፤ ታውቂያለሽ? ሱናው እንደዚያ ነው። ሱቅ ገና አልተከፈተም፣ ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ዘውድነሽ ውጪ ውሃውን አፍልታ ትጣራለች። እጄ ያገኘው ይኼን ጣሳ ነው። ስከፍተው፣ እንዴት እንደላመ ሳይ ነው ‹ይኼማ የሶፊያ ነው› ያልኩት። ግን ሌላ የለም። ሁሉንም በሷ ላይ ጨረስኩት። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

ሶፊያ ትቆጣለች ብላ የጠበቀች ትመስላለች፤ ትከሻዋን ሰብስባለች።

«ጸጉሯንም በሱ ነው ያጠብሽው?» አለች ሶፊያ።

«ጸጉሯንም፣ ፊቷንም፣ ሁሉንም። አረፋ አወጣ። ቀሲል እንደዚያ አረፋ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም።»

ሶፊያ ጣሳውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። አውቶቡሱ የአዋሽን ሜዳ ሲያቋርጥ፣ እሷ መንገድ ላይ ተቀምጣ በመስኮት አቧራ ስታይ፣ እዚህ እናቷን ሲያጥቧት የሷ የሆነ ነገር ነበረ። እሷ ሳትደርስ የደረሰላት ነገር።

«ጥሩ አድርገሻል» አለች። «እኔ ግን አላለቅስም፣ አዴ ረዲያ። ሁላችሁም እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ከእሷ ነው የወሰድኩት። ስትሸኘኝም አላለቀሰችም።»

«ማን ነው አላለቀሰችም ያለሽ?» አለች እትዬ ዘውድነሽ።

«አይቻታለሁ እኮ።»

«አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ነው ያየሻት።» እትዬ ዘውድነሽ ቀልዷን ሁሉ ከፊቷ አነሳች። «ልጅ የእናቷን እንባ ይዛ ባሕር አትሻገርም፤ ይከብዳታል አለች። ለዚህ ነው የቻለችው። ከዚያ ቤቷ ገባች፤ ፊቷን ተቀብታ ወጥታ ተቀመጠች። ታጠበችው። እንደገና ተቀባች። አሁንም ታጠበችው። አስር አለፈ፣ መግሪብ ደረሰ። እኔ በአጥሩ በኩል ‹ምን ሆነሻል፣ ብርድ ነው ግቢ እንጂ› ብላት፣ ‹ፊቴ አልደረቀልኝም፣ ዘውዴ› አለችኝ። በዚያ ነፋስ፣ ልጄ። ያሰጣሁትን ጋቢ ባደረቀው ነፋስ።»

ረዲያ ባልዲው ውስጥ እጇን ነክራ አወጣች፤ ውሃው ቀዝቅዟል። «ነገም አሞቀዋለሁ» አለች ለራሷ።

*

በማግስቱ በድሪ የአስር ሶላት ሲቃረብ መጣ። ጫቱ በኮባ ተጠቅልሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ተጭኗል። ሞተሩን ሳያጠፋ ከመንገድ ላይ ጡሩንባ ነፋ።

ሶፊያ ሻንጣዋን ይዛ እስከ በሩ ወጣች። ረዲያና እትዬ ዘውድነሽ ሊሸኟት ከኋላዋ ቆመዋል። በርጩማዋ እዚያው ግድግዳው ሥር ናት። ሰዎች ያን ሁሉ ቀን እግራቸውን እያነሱ ሲያልፏት፣ ነፋሱ በላይዋ ላይ ስስ አቧራ አልብሷታል።

ሶፊያ ሻንጣዋን አስቀመጠች። ተመልሳ ገባችና ጣሳውንና አንድ ማሰሮ ውሃ ይዛ ወጣች። ጣሳውን መዳፏ ላይ ገልብጣ ቂጡን መታችው። ጥቂት ወረደ። በጥፍሯ ዙሪያውን ፋቀችው፤ ጥቂት ጨመረ። ከውሃው ጠብ አድርጋ በአንድ ጣቷ አማሰለችው። ለአንድ ልጅ ፊት የሚበቃ ነው፤ ለእሷ ከግንባሯና ከጉንጮቿ አላለፈም። ከዚያ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«እዚያ ላይ አትቀመጪ» ያላት የለም።

ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የመኪናውን ሞተር ሰማች። ቀጥሎ የሚያስካካ ዶሮ። ቀጥሎ ከመስጊድ በኩል አንድ ሰው ሲያስል። እጇ ጭኗ ላይ ነበር፤ አሁን የሷ እጅ ነው። ነፋሱ ከተራራው ወረደና ግንባሯ ላይ ያለውን ቀሲል ማድረቅ ጀመረ።

«ሶፊያ!» አለ በድሪ ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ። «ኧረ ጫት ነው የጫንኩት፤ ይጠወልግብኛል እኮ!»

«ፊቴ እስኪደርቅ ጠብቀኝ» አለች ሶፊያ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

በድሪ ረዲያን አየ። ረዲያ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። በድሪ ጫቱን ዞር ብሎ አየው፤ ሰማዩን አየው፤ ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

የአስር አዛን ተሰማ። እትዬ ዘውድነሽ በአጥሩ በኩል ወደ ቤቷ ሄደች። ረዲያ ውሃ ልትቀዳ ማሰሮዋን አንስታ ወደ ቧንቧው ጥቂት ራመደች፤ በሙስሊማ ጊዜ እንዳደረገችው ልታልፍ ነበር። ቆመች። ተመለሰችና ማሰሮዋን አስቀምጣ ከበርጩማዋ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ምንም ሳትናገር እጇን የሶፊያ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ጉልበቱ ሞቃት ነው።

የሶፊያ ግንባር ነጣ። ጉንጮቿ ግን አልደረቁም። ከዓይኖቿ ሥር ሁለት ጥቁር አረንጓዴ መስመሮች ወርደው አገጯ ላይ ተገናኙ፤ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ረዲያ ልትጠርግላት የሻሿን ጫፍ አነሳች፤ ከዚያ መልሳ ጭኗ ላይ አወረደችው።